ቤተ መቅደስ ያቀፈ ምሽግ፦ የሊንዶስን አምባ ለሚጎበኙ

ከሮድስ ከተማ ተነሥቶ የደሴቲቱን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው፣ መንገዱ የመጨረሻውን ኮረብታ ሲዞር ሊንዶስን በአንድ ጊዜ ያያታል። ከታች ጣሪያቸው ጠፍጣፋ የሆነ ነጫጭ ቤቶች ተጠጋግተው ተደርድረዋል። ከበላያቸው ከባሕር ወለል 116 ሜትር ከፍ ያለ ዐለት ቆሟል፤ የዐለቱንም አናት የግንብ ቅጥር ይዞረዋል። ከሩቅ ለሚያየው ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኞች የሠሩት ምሽግ ነው። ወጥቶ በሩን ሲያልፍ ግን የሚጠብቁት የጥንት ግሪኮች ዓምዶች፣ አቴና ለተባለችው ሴት አምላካቸው የተሠራ ቤተ መቅደስ፣ የሮማውያን ፍርስራሽ፣ የባይዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

ብዙ ጎብኚ ግራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሽቅብ በፀሐይ ሲወጣ ደክሟል፤ አናቱ ላይ ከዓምዶቹ ጋር ፎቶ ይነሣል፤ ባሕሩን ያደንቃል፤ ይወርዳል። ያየው ነገር የስንት ዘመን እንደሆነ፣ የትኛው ድንጋይ የጥንት፣ የትኛው የትናንት እንደሆነ የሚነግረው የለም። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ሊንዶስን ልዩ የሚያደርጋት ይኸው መደራረቧ ነው። በዚህች ጠባብ አናት ላይ እያንዳንዱ ገዢ ከእሱ በፊት የነበረው የተወውን ድንጋይ አንሥቶ ለራሱ ጉዳይ አውሎታል። ምሽጉ ቤተ መቅደሱን አቅፎ ጠብቆታል፤ ድንጋዩንም በልቶታል። ይህን የያዘ ሰው ከላይ የሚያየውን ሁሉ በቅደም ተከተል ማንበብ አይቸግረውም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምባው ይህን ያህል የተፈለገበት ምክንያት ከላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት ወዲያው ይገባዋል። ዐለቱ በባሕሩ በኩል ገደል ነው፤ መውጫ ያለው በመንደሩ በኩል ብቻ ነው። ከግርጌው ሁለት የተፈጥሮ ወደቦች አሉት። አንዱ በሰሜን ያለው ሰፊው የሊንዶስ ባሕረ ሰላጤ ነው። ሌላው በደቡብ በኩል አፉ ጠባብ ሆኖ ከላይ ሲታይ የተዘጋ ሐይቅ የሚመስለው የቅዱስ ጳውሎስ ወሽመጥ ነው። ከኤጅያን ባሕር ተነሥቶ ወደ ቆጵሮስ፣ ወደ ሶርያ ወይም ወደ ግብፅ የሚሄድ የጥንት መርከብ ለንፋስም ለስንቅም ሲል በሮድስ ዳርቻ ያልፍ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21ም ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ በሮድስ እንዳለፈ ይናገራል። የአገሩ ሰዎች መርከቡ የተጠጋው ወደዚህች ወሽመጥ ነው ብለው በስሙ ይጠሯታል፤ መጽሐፉ ግን የወደቡን ስም አይጠቅስም።

ሊንዶስ ከሮድስ ከተማ የቆየች ናት። ሆሜር በኢሊያድ የሮድስን ሰዎች ሲጠቅስ ሦስት ከተሞችን ይጠራል፤ ሊንዶስ፣ ያሊሶስና ካሚሮስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሊንዶስን የገዛው ክሊዮቡሎስ ግሪኮች ከሰባቱ ጠቢባኖቻቸው አንዱ አድርገው የሚቆጥሩት ሰው ነበር፤ በአምባው ላይ ለአቴና ቤተ መቅደስ ያሠራም እሱ ነው ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ408 ገደማ ሦስቱ ከተሞች ተስማምተው በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ አዲስ ዋና ከተማ ቆረቆሩ። የዛሬዋ ሮድስ ከተማ ያለችው እዚያው ነው። ሥልጣኑና ንግዱ ወደ ሰሜን ሄደ፤ አቴና ግን ከአምባዋ አልወረደችም። እንዲያውም በአናቱ ላይ ዛሬ የምናያቸው ታላላቅ የግሪክ ሥራዎች የተሠሩት ከዚያ በኋላ፣ ሊንዶስ በራሷ የቆመች ከተማ መሆኗ ቀርቶ ከሁሉ በላይ በመሳለሚያነቷ በታወቀችበት ዘመን ነው።

ስለዚህ መሳለሚያ እጅግ ብዙ የምናውቀው በአንድ የድንጋይ ጽላት ምክንያት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ99 የሊንዶስ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር አሳሰባቸው፤ ለአቴና ከጥንት ጀምሮ የተሰጡት ስጦታዎች በዘመን ብዛት ጠፍተዋል፤ በላያቸው የነበረው ጽሑፍም አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች መረጡ፤ እነሱም የድሮ ደብዳቤዎችንና መዛግብትን አገላብጠው ማን ምን እንደሰጠ በእብነ በረድ ላይ እንዲያስጽፉ ታዘዙ። የተጻፈው ጽላት ቁመቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። ዝርዝሩ ከተረት ይጀምራል፤ ካድሞስና ሄራክልስም ስጦታ ሰጪ ሆነው ተመዝግበዋል። ወደ ታች ሲወርድ ግን እውነተኛ የታሪክ ሰዎች ይመጣሉ፤ የግብፁ ፈርዖን አማሲስ አለ፤ ታላቁ እስክንድር አለ። አማሲስ ለሊንዶስ ስለላከው የበፍታ ጥሩር ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስም ጽፏል። የዚያ ዓይነቱ ልብስ እያንዳንዱ ክር በውስጡ 360 ቀጫጭን ክሮች እንዳሉት ይናገራል። የአባይ ወንዝ አገር ሸማኔ ጥበብ ግሪኮችን አስደንቆ ነበር ማለት ነው።

በጽላቱ መጨረሻ አቴና ለከተማዋ ተገለጠች የተባለባቸው ጊዜያት ተዘርዝረዋል። ከመካከላቸው አንዱ ምሽግ ለሚጎበኝ ሰው ዋናውን ነገር ያስተምራል። የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ መርከቦቹን በላከ ጊዜ የደሴቲቱ ሰዎች ወደ አምባው ሸሽተው ገቡ፤ የፋርሱ የጦር አለቃም ከበባቸው። ቅጥሩ አልተደፈረም፤ ውኃው ግን አለቀ። እጅ ሊሰጡ ሲያስቡ አቴና ለአንዱ ሹም በሕልሙ ታየችና ከአባቷ ከዜውስ ውኃ እንደምትለምንላቸው ነገረችው። እነሱም ከጠላት የአምስት ቀን ጊዜ ጠየቁ፤ የፋርሱ አለቃም ሳቀባቸው። በማግስቱ በአምባው አናት ላይ ብቻ ጥቁር ደመና ቆመና ዶፍ ጣለ፤ ከታች ያሉት ከባቢዎች ደግሞ በተራቸው ተጠሙ። ተአምሩን ማመን አለማመን የአንባቢ ፈንታ ነው። ከታሪኩ ጀርባ ያለው ችግር ግን እርግጥ ነው፤ አምባው ላይ ምንጭ የለም። በዚህ ዐለት ላይ የኖረ ሁሉ፣ ግሪክም ሆነ ባይዛንታይን ወይም ፈረሰኛ፣ የዝናብ ውኃ በጉድጓድ ማጠራቀም ነበረበት። ግቢው ውስጥ ሲዘዋወሩ በዐለቱ ላይ አፋቸውን ከፍተው የሚታዩትን ጉድጓዶች ዝም ብለው አይለፏቸው። ቅጥሩ ጠላትን የሚያቆመው እነሱ ውኃ እስከያዙ ድረስ ብቻ ነበር።

ጽላቱ የተገኘው በ1904 ነው፤ የተገኘበትም ቦታ የሊንዶስን ታሪክ በአንድ ምሳሌ ይናገራል። ጽሑፉ ለዘመናት የኖረው ከአምባው በታች ባለች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ፣ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ተነጥፎ ነው። የአቴናን ስጦታዎች የዘረዘረውን ጽሑፍ ምእመናን ሲረግጡት ኖረዋል። ያነጠፈው ሰው ክፋት አልነበረበትም፤ ጥሩ፣ ሰፊ፣ የተስተካከለ ድንጋይ አገኘ፤ ተጠቀመበት።

አሁን ወደ መውጣቱ እንግባ። ከመንደሩ ሽቅብ የሚወስደው መንገድ በጠባብ ሰርጦች መካከል ይጀምርና ቤቶቹ ሲያልቁ በዐለቱ ጎን ይዞራል። በመንገዱ ዳር ሴቶች ጥልፍና ዳንቴል በድንጋዩ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ሊንዶስ በጥልፍ ከድሮ ጀምሮ የታወቀች ናት። የመጀመሪያውን የምሽግ በር አልፈው ትንሿ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ወደ ረጅሙ ደረጃ ከመሮጥዎ በፊት ይቁሙ። ከደረጃው ግርጌ፣ ከዐለቱ ፊት ላይ የመርከብ ኋለኛ ክፍል ተፈልፍሎ ወጥቷል።

በእኔ አስተያየት በመላው አምባ ላይ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም፤ ቤተ መቅደሱንም ጨምሮ። የተቀረጸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ180 ገደማ ነው። ቀርበው ሲያዩት የመርከቡ ጎን እንደ እውነተኛ ሳንቃ ጎበጥ ብሎ ወደ ላይ ሲታጠፍ ይታያል፤ የመሪው መቅዘፊያ በጎኑ ተንጋዶ ተቀምጧል፤ ቀዛፊዎቹን የሚያቅፈው ጠርዝ እንኳ አልተረሳም። የጥንት የእንጨት መርከቦች በስብሰው አልቀዋልና፣ የመርከብ ታሪክ አጥኚዎች የሮድስን የጦር መርከብ ቅርጽ ለማወቅ ከሚመለከቷቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ድንጋይ ነው። ለጌጥ ብቻ የተሠራም አይደለም። መርከቡ የሐውልት መቆሚያ ነበር፤ በላዩ ሐጌሳንድሮስ የተባለ ሰው ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ቀራፂውም የሮድሱ ፒቶክሪቶስ እንደነበር ጽሑፉ ይመሰክራል። ሐውልቱ ጠፍቷል፤ መርከቡ ከዐለቱ ጋር አንድ አካል ስለሆነ ማንም ሊነቅለው አልቻለም። በዚያ ዘመን የሮድስ መርከቦች የባሕር ወንበዴ አሳዳጅ፣ የንግድ መንገድ ጠባቂ ነበሩ፤ የደሴቲቱም ሀብት የመጣው ከዚያው ነው። በመርከብ የከበረች ከተማ ሰውን ስታከብር በመርከብ ላይ አቆመችው።

ከመርከቡ ጎን ያለው ዳገታማ ረጅም ደረጃ ወደ ፈረሰኞቹ ግንብ ያደርሳል። እነዚህ ፈረሰኞች በኢየሩሳሌም የነበረ የሕሙማን ማረፊያ ያቋቋሙ መነኮሳት ናቸው፤ የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ይባላሉ። ቀስ በቀስ ሰይፍ ታጥቀው ጦረኛ ሆኑ። በ1291 በቅድስት አገር የመጨረሻዋን ታላቅ የመስቀል ጦረኞች ይዞታ አካን ካጡ በኋላ ወደ ቆጵሮስ ሄዱ፤ በ1309 ደግሞ ሮድስን ያዙ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ደሴቲቱን ገዙ። በአምባው ላይ ከእነሱ በፊት የባይዛንታይን ምሽግ ነበር፤ እነሱ አጠናከሩት። ቅጥራቸው ቀጥ ያለ መስመር የለውም፤ ዐለቱ በታጠፈበት ይታጠፋል፤ ዐለቱ በወጣበት ይወጣል። ገደሉ ራሱ በሚከላከልበት በኩል ብዙ አልደከሙም። መንደሩን በሚያየው፣ ሰው ሊወጣ በሚችልበት በኩል ግን ኃይላቸውን ሁሉ አፍስሰዋል። ግንበኛው የሚፈልገው ድንጋይ ደግሞ ቅርቡ ነበር፤ የፈረሰው የአቴና ግቢ። ቅጥሩን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው በሻካራው የመካከለኛው ዘመን ድንጋይ መካከል ማዕዘኑ የተስተካከለ የጥንት ድንጋይ ተሰክቶ ያገኛል።

ደረጃው ሲያልቅ መግቢያው በምሽጉ አለቃ ቤት ሥር፣ በቅስት ጣሪያ ጨለም ባለ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ በሩን የሰበረ ጠላት በጠባብ ቦታ ተጠምዝዞ እንዲያልፍ ይገደዳል። አለቃው ከላይ ተቀምጦ ባሕሩን ይቃኛል፤ ጠላት ሲታይ በዙሪያው ያለው ገበሬ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ግቢው ይገባል። በአጠገቡ በመስቀል ቅርጽ የተሠራች የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለች። ዕድሜዋ ከፈረሰኞቹ መምጣት በፊት፣ ወደ 13ኛው ክፍለ ዘመን ይሄዳል። ኦቶማኖች በ1480 ሮድስን ከበው ሳይሳካላቸው ተመለሱ። በ1522 ሱልጣን ሱሌይማን ራሱ መጥቶ ስድስት ወር ያህል ከበበ፤ ፈረሰኞቹ በስምምነት እጅ ሰጥተው በ1523 መጀመሪያ ደሴቲቱን ለቀቁ፤ በኋላም ማልታ ላይ ሰፈሩ። ከዚያ እስከ 1912 ድረስ ሊንዶስ በኦቶማን አገዛዝ ሥር ቆየች።

ከጨለማው መተላለፊያ ወደ ብርሃን ሲወጡ የግሪኮቹ ግቢ ይጀምራል። እዚህ ላይ የጥንቱን ግንበኛ ብልሃት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ቤተ መቅደሱን ወዲያው አያሳይዎትም። መጀመሪያ የሚታየው 87 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 42 ዓምዶች የነበሩት ባለ ዓምድ መጠለያ ነው። ክንፎቹን ዘርግቶ የላይኛውን ግቢ እንደ መጋረጃ ይከልላል። በመካከሉ ሰፊ ደረጃ ሽቅብ ይወጣል። ደረጃውን የወጣ ሰው ሁለተኛ የመግቢያ ሕንጻ ያገኛል፤ ያንንም አልፎ ነው ወደ አቴና የሚደርሰው። ለመሳለም የመጣ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ እያለ፣ ዓለምን ከኋላው እየተወ፣ መጨረሻ ላይ ሰማይና ባሕር ብቻ ወደሚታዩበት ጠርዝ ይደርስ ነበር።

ቤተ መቅደሱ ራሱ ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ 22 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር ገደማ፣ ከፊቱ አራት ዓምድ፣ ከኋላው አራት ዓምድ። የቀድሞው በእሳት ከጠፋ በኋላ ይህኛው የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ነው። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ ታላቅ ሕንጻ የጠበቀ ጎብኚ ቅር ይለው ይሆናል። የቆመበትን ቦታ ማየት ግን ይገባል፤ ከግቢው መካከል ሳይሆን ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ለሰፊ ሕንጻ የሚሆን ሜዳ ሌላ ቦታ እያለ ጠርዙን መምረጣቸው ቦታው ራሱ ከሕንጻው በፊት የተቀደሰ ስለነበረ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሥሩ በገደሉ ውስጥ ዋሻ አለ። ባለቅኔው ፒንዳርም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ464 በኦሊምፒያ በቡጢ ያሸነፈውን የሮድሱን ዲያጎራስ ሲያወድስ አንድ እንግዳ ነገር ይነግረናል፤ የፀሐይ ልጆች ለአቴና መሥዋዕት ሊያቀርቡ ወደ አምባው ሲወጡ እሳት ሳይዙ ወጡ። በጥንት ጽሑፍ እንደተመዘገበው ያ ግጥም በወርቅ ፊደል ተጽፎ በዚሁ ቤተ መቅደስ ተቀምጦ ነበር።

እስካሁን ያልነው የጥንቱን ነው። ዛሬ ቆመው የሚታዩት ዓምዶች ግን እንዴት ቆሙ? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ጎብኚ ጥቂት ነው፤ ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ግን ይመስለኛል።

ከ1902 ጀምሮ ቦታውን የቆፈሩት ብሊንከንበርግ እና ኪንች የተባሉ የዴንማርክ አርኪዮሎጂስቶች ናቸው፤ ወጪውን የሸፈነው በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ሀብት የተቋቋመው ድርጅት ነበር። እነሱ ሲደርሱ ዓምዶቹ ወድቀው፣ ተሰባብረው፣ ከፊሎቹም በቅጥሩ ውስጥ ተቀብረው ነበር። ጣሊያን በ1912 ከኦቶማን ጋር በሊቢያ ምክንያት ስትዋጋ ሮድስንና አጎራባች ደሴቶችን ያዘች። የፋሺስት መንግሥት ሲጠናከር ደሴቶቹን የግዛቱ ማሳያ ሊያደርጋቸው ፈለገ። ከ1936 እስከ 1940 የደሴቶቹ ገዢ የነበረው ቼዛሬ ማሪያ ደ ቬኪ ከዚያ በፊት በ1920ዎቹ የጣሊያን ሶማሊያ ገዢ የነበረ ሰው ነው። በእሱ ዘመን በሮድስ ከተማ የፈረሰው የፈረሰኞች አለቃ ቤተ መንግሥት እንደገና ተገነባ፤ በሊንዶስም በ1938 እና በ1940 መካከል ዓምዶቹ ተነሥተው ቆሙ፤ ታላቁ ደረጃ ተሞላ፤ የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ከፍ አለ። ሥራው በጥድፊያ ነበር፤ የጎደለው ድንጋይ በሲሚንቶ ተሞላ፤ የተሰበረው በፌሮ ታሰረ፤ ከፊሉም በአርማታ ተሠራ።

ውጤቱን ማንም ግንበኛ ይገምተዋል። የባሕር ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨው ያለበት እርጥበት በሲሚንቶው ስንጥቅ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል። የዛገ ብረት ይፋፋል፤ ሲፋፋ ያቀፈውን ድንጋይ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የሊንዶስ ድንጋይ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት የአገሩ የኖራ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶው የሚያወጣውን ጨው ይጠጣል፤ ጨው በውስጡ ሲረጋ ፊቱ እየተፈረፈረ ይራገፋል። ዓምዶቹን ያቆማቸው ነገር ራሱ ይበላቸው ጀመር። ከ1980ዎቹ ወዲህ የግሪክ ባለሙያዎች ጣሊያኖቹ ያቆሙትን መልሰው እያፈረሱ፣ ሲሚንቶና ብረቱን እያወጡ፣ ከአገሩ ድንጋይ አዲስ እየጠረቡ ብዙ ዓመታት ደክመዋል። በአቴንስ አክሮፖሊስም ተመሳሳይ ጣጣ ገጥሟቸው በብረቱ ፈንታ የማይዝገውን ቲታኒየም ተጠቅመዋል።

የጎንደርን ፋሲል ግቢ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በዚያው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች በጎንደር ግንቦች ላይ በሲሚንቶና በአርማታ ጥገና አድርገው ነበር። ቤተ መንግሥቱ የቆመው ግን በኖራ ነው፤ ሲሚንቶ ከኖራ ጋር አይዋደድም፤ አይተነፍስም፤ እርጥበቱን በድንጋዩ ውስጥ ያስቀረዋል። በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን እየነቀሉ በኖራ መተካት ነበረባቸው። አንድ መንግሥት፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ጥድፊያ በሁለት አገር ያሉ ቅርሶችን በአንድ ዓይነት መንገድ ጎዳ። ሊንዶስ ላይ የቆመ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከሌላው ይልቅ ይህን ማየት ይቀናዋል። አንድ ዓምድ ይምረጡና ከታች እስከ ላይ ይመልከቱት። ፊቱ በነፋስና በጨው ተቦርቡሮ እንደ ማር እንጀራ የሆነው ክፍል የጥንቱ ነው፤ ልሙጥ፣ ቀለሙ የገረጣ፣ ጠርዙ የሰላ ሆኖ የተሰካው ክፍል አዲሱ ነው። ሁለቱ እንዲለዩ መተዋቸው ተገቢ ነው፤ ተመልካችን አያታልሉም። እኔ እንዲያውም ጥቂት ዓምዶች ወድቀው ቢቀሩ እመርጥ ነበር፤ የቆመው ሁሉ የጥንቱን ታላቅነት ብቻ ይናገራል፤ የወደቀው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውንም ይናገራል።

ለመሄድ ላሰበ ሰው ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች። ግሪክ የሸንገን አባል ስለሆነች የሸንገን ቪዛ ያለው ይገባል። በእስራኤል ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሮድስ ቅርብ ናት፤ ከቴል አቪቭ በረራው ከሁለት ሰዓት ያነሰ ነው። ከሮድስ ከተማ ሊንዶስ ድረስ የሕዝብ አውቶቡስ አለ። መንደሯ ውስጥ መኪና አይገባም፤ ከላይ ካለው አደባባይ ወርዶ በእግር መሄድ ግድ ነው። በበጋ አናቱ ላይ የረባ ጥላ የለም፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ከሮድስ ከተማ የሚመጡ ጀልባዎችና አውቶቡሶች ጎብኚውን ያራግፋሉ፤ ደረጃው ይጨናነቃል። በሩ እንደተከፈተ መግባት ወይም ፀሐይ ሲበርድ መውጣት ይሻላል። ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም ጥቅምት የተሻሉ ወራት ናቸው። በክረምት የመክፈቻ ሰዓቱ ያጥራል፤ የሚዘጋበትም ቀን ይኖራል፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት የግሪክ ባህል ሚኒስቴር የሚያወጣውን ሰዓት ማየት ነው። የብዙ ሰው እግር ድንጋዩን አለስልሶታል፤ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ አደገኛ ነው። በቤተ መቅደሱ ጠርዝ ነፋሱ ይበረታል፤ ልጅ ይዞ የሚወጣ እጁን አይልቀቅ። ጉልበቱ የማይፈቅድለት ሽማግሌ ደግሞ በግድ አይውጣ፤ ከቅዱስ ጳውሎስ ወሽመጥ ሆኖ ወደ ላይ ሲያዩት የቅጥሩ አሠራር ከላይ ከሚታየው ይልቅ ይገለጣል።

በመንደሩ መግቢያ ሰውን ወደ ላይ የሚያወጡ አህዮች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ነገሩ የቆየ የአካባቢው መተዳደሪያ ነው። በ2018 የግሪክ መንግሥት አህያ ከ100 ኪሎ በላይ ወይም ከክብደቷ አንድ አምስተኛ በላይ እንዳትጫን ደንብ አውጥቷል። ጤነኛ ሰው በእግሩ ይውጣ ባይ ነኝ፤ መንገዱ አጭር ነው፤ በሐምሌ ፀሐይ በዚያ ድንጋይ ላይ ቀኑን ሙሉ መመላለስ ለእንስሳ ከባድ ነው። በአህያ የሚሄድም ውኃና ጥላ ያለው አህያ መሆኑን አይቶ ይምረጥ።

ከአምባው ሲወርዱ መንደሯን ሳያዩ አይሂዱ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሊንዶስ የመርከብ አለቆች በንግድ ሀብታም ሆነው የሠሯቸው ቤቶች አሁንም አሉ። በሮቻቸው ዙሪያ ድንጋዩ በሐረግና በወፍ ተቀርጿል፤ ግቢያቸው ከባሕር ዳር በተለቀመ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በጥለት ተነጥፏል። በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግድግዳውን የሞሉት ሥዕሎች በ1779 የሲሚው ጎርጎርዮስ የሣላቸው ናቸው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በጫፉ ላይ የሚታየውን ክብ የድንጋይ መቃብር ሰዎች የክሊዮቡሎስ መቃብር ይሉታል፤ አሠራሩ ግን እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የተሠራ መሆኑን ያሳያል፤ በኋላም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገልግሏል።

የተገኙትን ዕቃዎች ማየት የሚፈልግ ግን ሊንዶስ ላይ አያገኛቸውም። ቁፋሮው የተካሄደው ደሴቲቱ በኦቶማን ሥር ሳለች ስለሆነ ከፊሉ ወደ ኢስታንቡል፣ ከፊሉ ወደ ዴንማርክ ሄዷል። የስጦታዎቹ ዝርዝር የተጻፈበት ያ ጽላት ዛሬ ያለው በኮፐንሃገን ብሔራዊ ሙዚየም ነው። በዚያው በኮፐንሃገን የምትኖሩ ሁሉ ወደ ሮድስ ከመሄዳችሁ በፊት እሱን አይታችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው።